ቁልፍ የሌለው በር

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚያስነክስህ ጉልበትህ ዘንድሮ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? ሐይቁስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው መጋዘን ወስዶታል፤ በአውሮፕላን የመጣውን የሰው ዕቃ ሳነሳና ሳወርድ ነው የምውለው። ልጄ ሔርሞን ቁመቷ በልጦኛል። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ሁለታችንም የተግባባን ይመስለናል።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልክ ላይ ትጮህብኛለህ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ መናገር ስጀምር ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ይህን ፖስታ የምታደርስልህ ብሩክታዊት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ ለእህቷ ሰርግ ነው የምትመጣው። ምሳ ሳታበላ እንዳትሸኛት። በፖስታው ውስጥ ያለው ነገር የእሷ ጥፋት አይደለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከአገር የመጣ ሰው አንድ ጥቁር ፌስታል አቀበለኝ። ውስጡ ሽሮ አለ፤ ከሽሮው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች። የላኪ ስም የለም። አንደኛው አንተ የምታስተባብረው የወረዳው የቱሪዝም ልማት ብሮሹር ነው። ወረቀቱ ከአባባ ቤት በር ይወፍራል። ሁለተኛው የውል ረቂቅ ኮፒ ነው፤ ታኅሣሥ አንድ ቀን ሊፈረም የተዘጋጀ፣ የአባባን ቤትና ግቢ ለሎጅ ባለሀብቱ የሚያስተላልፍ። «የወራሾች ወኪል» ከሚለው ሥር ያንተ ስም ተጽፏል። ኅዳጉ ላይ አንድ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል።

ብሮሹሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የሐይቅ ዳር መነቃቃት» ይላል ርዕሱ። እስካሁን ተኝቶ የነበረው ማን እንደሆነ አይናገርም። ካርታው ላይ የእኛን ግቢ ፈለግኩ፤ በቦታው የመዋኛ ገንዳ አገኘሁ። ሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ ሐይቁን እያዩ የሚዋኙበት ገንዳ! ዓሣ አጥማጆቹን ፈልጌ ገጽ ሰባት ላይ አገኘኋቸው፤ አንድ ሆነዋል፤ ያም ሐውልት ነው።

ያኔውኑ ደወልኩልህ። «ልማት ነው፤ አንቺ አሜሪካ ቁጭ ብለሽ አታደናቅፊ» አልከኝ። ለትክክለኛነቱ ያህል፣ የምሠራው ቆሜ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ከእኔ ይልቅ አንተ የምታውቀውን ላስታውስህ። ከጤና ጣቢያው እስከ ድልድዩ ያለው ዳርቻ በሁለት ሎጅ ታጥሮ አልቋል። ሰው ወደ ውሃው የሚወርድበት የቀረው መንገድ የአባባ ግቢ ብቻ ነው። አባባ ያንን በር ሲሠራ ቁልፍ አላበጀለትም። እማማ «ሌባ ቢገባስ?» ስትለው «መረብ የተሸከመ ሰው በየት እጁ በር ያንኳኳል?» ይላት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹም ሲወጡ በበሩ ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ አንድ አንድ ዓሣ ጥለው ያልፋሉ። ለእኛ አልነበረም። እማማ በዕለቱ ድስት ያልጣደው ቤት የትኛው እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ዓሣውን የምናደርሰው እኔና አንተ ነበርን። ከሰጠን በኋላ ዘወር ብለን እንዳናይ ታስጠነቅቀን ነበር። አንተ አንድ ቀን ዘወር ብለህ በጥፊ መመታትህን አልረሳሁም። ድንጋዩ ዛሬም ባዶ እንደማይውል ሰምቻለሁ። የገዛ ባለቤትህ እንኳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ዓሣ ተሸክማ እየወጣች፣ ጠብሳ እየሸጠች ነው ልጆችህን ያስተማረችው።

ልማቱን አልጠላሁም፤ ይህን ጻፍልኝ። መንገዱ አስፋልት መሆኑ ጥሩ ነው፤ እማማ አቧራ እየዋጠች ነው የሞተችው። መብራት መግባቱ ጥሩ ነው። ልጆቹ አስተናጋጅ ሆነው ደመወዝ ማግኘታቸው ጥሩ ነው። ፈረንጅ መጥቶ ሐይቃችንን «ዋው» ማለቱም አይጎዳንም፤ እኛ ብለነው ስለማናውቅ።

ነሐሴ ላይ ፓስተር አንድርያስ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ሞልቶ ኢሪ ሐይቅ ወስዶን ነበር፤ ከእኛ ወደ ሰሜን ነው። ወደቧ ሞታ ተነሳች የሚሏት አንዲት ትንሽ ከተማ ገባን። ሱቁ ያበራል፣ አበባው በየመብራት ምሰሶው ተንጠልጥሏል። ዓሣ አዘዝን። ዓሣው ከየት እንደሚመጣ አስተናጋጇን ብጠይቃት፣ በረዶ ሆኖ በመኪና ነው የሚመጣልን አለችኝ። ሐይቁ በመስኮቱ ይታያል። ደጃፉ ላይ መረብ የሚጎትት የነሐስ ዓሣ አጥማጅ ቆሟል፤ ልጆች ጢሙ ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ። ሐውልት ለሞተ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለሞተ ሥራም እንደሚሠራ ግን ያን ቀን አየሁ።

ግን እውነቱን ልናገር። ከሐውልቱ አጠገብ ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃ ነበር። አንድ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ፣ ባልዲውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠይቀው ወረደ። እነዚህ እንኳ፣ ዓሣቸውን በመኪና የሚያስመጡት፣ ለሽማግሌው መውረጃ ትተውለታል። የእናንተ ብሮሹር ላይ ደረጃ የለም። የወረዳው ስብሰባ ላይ ጋሽ ጎሹ «እኛስ በየት እንውረድ?» ብለው ሲጠይቁህ «አማራጭ መንገድ ይጠናል» አልካቸው አሉ። እሳቸውም «እንግዲያው ለዓሣውም አማራጭ ሐይቅ ይጠናለት» አሉህ አሉ። እሳቸውን ተሳስተዋል አልላቸውም፤ መረባቸውን ከአባባ ጋር የጠገኑ ሰው ናቸው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት «የቤቱን ካርታ ላሳድስ፣ ውክልና ላኪልኝ» ስትለኝ ጋሽ ገብረየስ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ገብረየስ በርበሬ ይሸጣል፣ ሻንጣ ይመዝናል፣ ውክልና ይጽፋል፤ ሦስቱንም በአንድ መነጽር። ያወጣልኝ ወረቀት ለኮለምበስ ሐበሻ ሁሉ የሚያወጣው ነው፤ ስም ብቻ ይቀየርበታል። «ጋሼ፣ ረዘመ እኮ፤ እኔ ለካርታ ማሳደሻ ብቻ ነው የፈለግኩት» አልኩት። «እቱ፣ ሙሉ ካልሆነ እዚያ አይቀበሉሽም። ደግሞስ ለወንድምሽ አይደል? ልትከሽው ነው?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። አፈርኩና ፈረምኩ።

የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር የማነበው እኔ፣ ቤቱ ሁሉ መጽሐፍ የሆነብኝ እኔ፣ ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። ዘንድሮ ነው ያነበብኩት። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ» ይላል። የውሉን ኮፒ ይዤ ኩሽና ስቀመጥ ሔርሞን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ማም፣ ዩ ዲድንት ሪድ ኢት?» አለችኝ። ልተረጉምልህ አልችልም፤ ፊቷ ግን በአማርኛ ነበር።

ስለዚህ ጥቅምት መግቢያ ላይ ጋሽ ገብረየስ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። መሻሪያ ጻፍልኝ ስለው መነጽሩን አወለቀ። «ለመሻሪያ ፎርም የለኝም፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። እኔ እየተናገርኩ እሱ ጻፈ። ባንክ ቤት ያለችው ፊርማ አረጋጋጭ ኖታሪ የምፈርመው ነገር ገብቶኝ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላት። አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ የግዛቱ ማኅተም፣ ከዚያ ዋሽንግተን የኤምባሲያችን ማኅተም። ጋሽ ገብረየስም ዛሬ ከበርበሬው በላይ «ውክልና እንሽራለን» ብሎ ለጥፏል። ወረፋ አለው ይባላል።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ሰነድ ታገኛለህ። የመጀመሪያው የሰጠሁህን ውክልና የሚሽረው ነው። ኮፒው ለቀበሌውም፣ ለመሬት አስተዳደሩም፣ ለባለሀብቱም ደርሷል፤ ስለዚህ ይኼኛው ቢጠፋ አትጨነቅ። ሁለተኛው አዲስ ውክልና ነው፤ ለሌላ ሰው። ግማሽ ገጽ አይሞላም። መሸጥ የለበትም፣ መለወጥ የለበትም። የድርሻዬ ወኪል አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ያ በር እንዳይዘጋ በየቢሮው ቆሞ መከራከር። የወኪሉን ስም እኔ አልነግርህም፤ ሰነዱ ላይ ተጽፏል። አንብበው። ማንበብ ሳይረፍድ ጥሩ ነው።

ለባለሀብቱ ንገረው፤ ሎጁን ይሥራ። ገንዳውንም ይቆፍር፤ ውሃ አጠገብ ውሃ ማጠራቀም ካስደሰተው ማን ይከለክለዋል? ግን ከጎኑ። በሩና ከበሩ እስከ ውሃው ያለው መንገድ የሰው ነው። ሐውልቱንም ይተወው፤ ጋሽ ጎሹ ገና በሕይወት ናቸው፤ ፎቶ መነሳት የፈለገ ጠይቋቸው ይነሳ። ምናልባት ይሰድቡታል፤ ያም ቱሪዝም ነው።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እህቴ አዋረደችኝ ትላለህ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ያይሃል። ተቆጣ። ድሮም ከእማማ ጥፊ በኋላ ሦስት ቀን አኩርፈህ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ግን ዓሣውን አደረስክ፣ ዘወርም አላልክም። እኔ የማውቀው ያንን ወንድሜን ነው፤ ይህን የጻፍኩትም ለእሱ ነው።

ልጆቹን ሳምልኝ። ጋሽ ጎሹን እጅ ንሳልኝ። ለባለቤትህ ደግሞ ሽሮው በጣም ጣፋጭ እንደነበር ንገርልኝ። ከገበያ ስትመለስ ዛሬም እጇን በሎሚ ነው የምታሸው? ሎሚ ሽታውን ይወስዳል፤ ቅርፊት ግን አንዳንዴ ሳይታይ ይቀራል በልልኝ። ይገባታል። ይህን ያነበብክ ዕለት ራትህን ስታቀርብልህ ብላ እንጂ ብዙ አትጠይቃት።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ። እማማ የማታውቀውን ሰው ስትመርቅ እንደምትለው፣ ደጅህን ሰው አይጣው።

ዘግይታም ቢሆን ያነበበችው
ታናሽ እህትህ