ከታይፕ እስከ ኮምፒውተር፦ የወይዘሮ ፍቅርአዲስ ቦጋለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከአባታቸው ከአቶ ቦጋለ ወንድይራድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉዬ ተሰማ ጥቅምት 11 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የጽሕፈት ሙያ ሠልጥነው በ1973 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ከአቶ ምንይሉ አያሌው ጋር ጋብቻ መሥርተው እድላዊትንና ኢዮብን አፍርተዋል።

መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲያስገባ ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዷ እሳቸው ነበሩ። የኮምፒውተር ፍቅር በዚያው አልለቀቃቸውም። በ1987 ዓ.ም. ሥራቸውን ትተው ከሸማ ተራ ጀርባ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያውን ያገለገለ ኮምፒውተር ያመጡላቸው ጎረቤታቸው፣ ዕቃ አስመጪው አቶ ባህረዲን ናቸው። የፕሪንተሩ ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። የሠርግ ጥሪው፣ የኪራይ ውሉ፣ ማመልከቻው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከፕሪንተሩ ወረቀት የሚቀደደውን ባለ ቀዳዳ ጠርዝ አንገታቸው ላይ እያሰሩ ይጫወቱበት ነበር። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀናል።

ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ሲመጡ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በእነሱ ላይ አልሠራ አለ። ብዙዎች አሮጌውን ምን አለሽ ተራ ወስደው ሲሸጡ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ግን የእሳቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጥግ አስቀመጡት።

በ2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ሩሀማ የሚባሉ ሴት ድሮ ጽሑፍ ይቀመጥባቸው የነበሩ ፍሎፒ ዲስኮች ይዘው መጡ። ባለቤታቸው መምህር መስፍን የጽሕፈት ቤቱ ደንበኛ ነበሩ፤ የልጆች ተረቶቻቸውን እዚያው ሲጽፉ ኖረው፣ ሳያሳትሟቸው በድንገት ዐርፈዋል። ዲስኮቹ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ቢበራም ፍሎፒ ማንበብ አቁሟል። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከአቶ ባህረዲን ጋር ምን አለሽ ተራን አሰሱ። መጀመሪያ ያገኙት የፍሎፒ ማንበቢያ ከገመዱ ጋር አልገጥም አለ። ሁለተኛው በኮምፒውተሩ ዘመን የተሠራ ነበርና ገጠመ። የአማርኛው ፊደል ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ወይዘሮ ሩሀማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «እሱ ነው፤ አነጋገሩ ነው» አሉ።

ማተም ግን አልተቻለም። የድሮው ፕሪንተር ተበላሽቷል፤ አዲሱ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አይግባባም። ስለዚህ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አደረጓቸው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከአሮጌው እያዩ በአዲሱ ሊጽፉት ሲነሡ ወይዘሮ ሩሀማ፣

«እትዬ፣ እኔ ልጻፈው። ቀስ ብዬ ነው ግን የምጽፈው» አሉ።

«ይሁን፣ እኔም ቀስ ብዬ አነብልሻለሁ» ብለው መለሱላቸው።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። አንዳንድ ቀን ተረቱ ያስቃቸውና ሥራው ይቆማል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወይዘሮ ሩሀማ እጃቸውን ከኪቦርዱ ያነሣሉ፤ ወይዘሮ ፍቅርአዲስም ንባባቸውን አቁመው ይጠብቋቸዋል። የመጨረሻው ዲስክ ተጎድቶ ስለነበር አንዱ ተረት መሐል ላይ ተቋረጠ። «እኛ አንጨርሰውም፤ እሱ ያቆመበት ይቁም» አሉ ወይዘሮ ሩሀማ። ተረቶቹም፣ ያ አንዱ እንደተቋረጠ፣ ታትመው የሰፈሩ ልጆች አነበቧቸው። ሁለቱም ሴቶች ከዚያ ወዲህ እንደ እህትማማች ኖረዋል።

በ2016 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ የነበረበት ሕንፃ ሊፈርስ ሲል ወይዘሮ ፍቅርአዲስ አሮጌ ዕቃዎቻቸውን ሁሉ ወደ ቤት አመጡ። አቶ ምንይሉ፣ «እንግዲህ እኔ የት ልተኛ ነው?» ብለው ቢያጉረመርሙም፣ ከመኪና ያወረዱት፣ መደርደሪያም የሠሩላቸው ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። በሕመማቸው ወራት ከአጠገባቸው ያልተለዩትን ወይዘሮ ሩሀማንና አቶ ባህረዲንን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ለሰው ጽሑፍ ሲሉ የደከሙ ዓይኖቻቸውን እግዚአብሔር በብርሃኑ ያሳርፍልን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ እኛንም ያጽናናን። አሜን።