በፀሐይ የተሰጣው መድኃኒት

ድሬዳዋ፣ ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽን ሳሉ ተወው? እማዬስ የቁልቢ መንገድ ወገቧን እንዴት አደረጋት? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም፤ ጥማት እንኳ ሞልቶ ተርፎኛል።

ይህን ደብዳቤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ አቶ ማዘንጊያ በእጅሽ ያስጨብጥሻል። እማዬ ፊት እንዳትከፍቺው። ጓዳ ግቢና በሩን ዝጊ፤ ስታነቢም ድምፅ አታውጪ።

እንደምታውቂው ስኳር ከእኔ ጋር ጎጆ ከቀለሰ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስት እንኳ እንዲህ አልጸናችልኝም። ጠዋትና ማታ መርፌዬን ቀቅዬ ጭኔን እወጋለሁ። ከዚያ ሽንቴን ከስኳር መመርመሪያው ሰማያዊ ውሃ ጋር አፍልቼ እንደ ተከሳሽ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ በነጻ ተለቀቅሁ፣ እንደ ጡብ ከቀላ ተፈረደብኝ። ኢንሱሊኑ ደግሞ የባላባት ልጅ ነው፣ ሙቀት አይችልም። ፍሪጅ ያለው ከዚራ ሰፈር፣ በፈረንጆቹ በእነ ሙሴ ቤት ነው። እኔ ብልቃጦቹን አሸዋ በሞላው ገምቦ ውስጥ ቀብሬ አሸዋውን ውሃ አጠጣለሁ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት አኖረኝ።

እማዬ ስለቷን አድርሳ፣ ገናን አብራኝ ውላ እስክትሄድ አሥር ቀን ያህል ቤቴን ቤት አደረገችው። ነገር ግን የመንዝ ሰው ናት፤ ለመንዝ ሰው ከሰይጣን ቀጥሎ ያለው ጠላት ብርድ ነው።

ከትናንት በስቲያ፣ እዚሁ ግቢ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቴ ዛምዛም፣ ወደ ሽንት ቤት ስመላለስ አይታ፣ «አቦ፣ አንተ ሰውዬ ቧንቧ ሆንክ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀጥላ፣ «እናትህ ስትሄድ ጊዜ ነው የታመምከው። አሁን ጠርሙሶቹን ማን ያሙቅልህ?» አለች። ሳቄን ተውሁት።

የምን ጠርሙስ ብላት፣ «አንተ ሥራ ስትሄድ ከገምቦው አውጥታ ቆርቆሮው ላይ ታሰጣቸው የለ? ልትመጣ ስትል ትመልሳቸዋለች። ምንድነው ብላት፣ ‹ልጄ ጠዋት ማታ ብርድ እየተወጋ ነው የከሳው፤ ትንሽ ሙቀት ይግባበት› አለችኝ። ወላሂ፣ እኔም እናት ነኝ፣ እውነቷን ነው ብዬ ቆርቆሮውን ጠረግሁላት» አለች።

አምስቱም ብልቃጥ፣ እኅቴ፣ እንደ በርበሬ ተሰጥቶ ነው የከረመው። እጥፍ አድርጌ ብወጋም ለውጥ የለም። ዛሬ ጠዋት ያፈላሁት ከጡብም አልፎ የሸክላ ፋብሪካ ሆኗል።

ከዚራ ወረድሁ። ግሪኩ መድኃኒት ሻጭ ሳጥኑ ከጅቡቲ የሚገባው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ታገሥ አለኝ። እኔስ ታጋሽ ነኝ፣ ስኳሩን አነጋግርልኝ አልሁት። እሱ አልሳቀም። ሆስፒታሉም የሚጠብቀው ያንኑ ሳጥን ነው።

ለምን ቴሌግራም አልመታህም ትይኛለሽ። ቴሌግራም ደጃችሁ ቢደርስ እማዬ ሳይከፈት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ ምን ሆኖ ነው ብላ ትጠይቃለች። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸት አይሆንልሽም፤ ፊትሽ ቀድሞ ይናዘዛል። ስለዚህ ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚደርሰውን ደብዳቤ መረጥሁ።

ትናንት ዛምዛም ሳምቡሳ ይዛልኝ መጥታ፣ «አፍህ ዘይቱን ዘይቱን ይላል፤ ደብቀህ ብቻህን ትበላለህ አይደል?» ብላ ተሳለቀችብኝ። ያን ጣፋጭ ፍሬ ከቀመስሁ ዓመት አልፎኛል። ሐኪሜ ስለዚህ ሽታ አንድ ቀን የነገረኝ ነገር አለ፤ እሱን ለአንቺ አልጽፍም። ብቻ እዚያ ካለው መድኃኒት ቤት ኢንሱሊን ግዢልኝ፤ አቶ ማዘንጊያ ባዶ እጁን አይመለስ። ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይለት፤ ከሞተሩ ያርቃቸው። ደርሶ ሲያንኳኳ ካልከፈትሁለት ብዙ አይጩህ፤ ቁልፉን ለዛምዛም ሰጥቻታለሁ።

ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ብዕሩ ነው። ደግሞም አንድ መስመር በጻፍሁ ቁጥር አንድ ጣሳ ውሃ እየጠጣሁ ነው።

እንግዲህ ምናልባት ወሬው ከመድኃኒቱ ቢቀድም፣ ለእማዬ ስኳሩ ነው በያት። ስኳር ስም ያለው፣ የታወቀ፣ ዘመድ የሌለው ወንጀለኛ ነው፤ አንድ ቢጨመርበት አይከብደውም። ብታለቅስም በእሱ ታልቅስ። እሷ እኔን ከማሞቅ በቀር ምን አደረገች?

የልጆችሽን ሳቅ አምላክ ከደጅሽ አያርቀው። ለባልሽ ጤና፣ ለአንቺም የሚዋሽ ፊት ይስጥልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጄስ ብትልሽ፣ ወፍሯል በያት።

ታናሽ ወንድምሽ