ስህን በጓሯችን ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ወር

ይድረስ ለወንድሜ ለሱሩር፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካትሁ። ወንድማለም፣ እንዴት ነህ? ወገብህ እንዴት ነው? ያ የሰጡህ ቅባት ረዳህ ወይስ ሽታው ብቻ ነው የተረፈህ? ሙቀቱ ጀመረ? ዒድን ከማን ጋር ዋልክ፣ ማን አበሰለላችሁ? አብረውህ የሚኖሩት የባቲ ልጆች ደህና ናቸው? ያ ሩዝ ባበሰለ ቁጥር የሚያሳርረው ልጅ አሁንም ተራው ሲደርስ ያበስላል ወይስ ከተራ አወጣችሁት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር አንዳች አልጎደለብንም። እናታችንም ጉልበቷ ትንሽ ቢያስቸግራት እንጂ ደህና ናት።

ጥያቄ አበዛሁብህ አይደል? በኢሞ ስናወራ ኔትወርኩ ወሬዬን መሀል ላይ እየቆረጠ ሁልጊዜ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። አሁን ረቢያ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ፣ በእጇ የምልክልህን ወረቀት ማንም አይቆርጠውም ብዬ ቁጭ አልኩ። ሻይህን ቀድተህ አንብብ፣ ረጅም ነው።

ልጃችን ስህን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል! ይህን በስልክ ሰምተሃል፣ ግን ቤቱ እንዴት እንደሆነ አልሰማህም። እኔ እልል ስል አባቷ አብደላ ዝም አለ። ቆይቶ፣ በመኪና ስንት ቀን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለት ቀን ሲሉት ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ደግሞ ስለ አገሩ የማልጠይቀው ሰው የለም። እዚያም ሐይቅ አለ አሉ፣ ያውም ሁለት፣ አዞም አለበት። ዓሣው ከእኛ ዓሣ ጋር አንድ ዓይነት ይሆን? አዞ ባለበትስ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ዓሣ የሚያጠምደው? ስህን፣ እማ እኔ የምሄደው ለትምህርት ነው ትለኛለች። ለትምህርት ብትሄድስ ዓይኗን ጨፍና ልትኖር ነው?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በዒድ ማግስት ስንነጋገር፣ ለስህን በየወሩ ሁለት ሺህ ብር እልካለሁ ብለህ፣ ብሩ ግን በአንቺ ስም ይግባ፣ በየሳምንቱ እየቆነጠርሽ ላኪላት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ብር አይሰነብትም አልከኝ። እኔም እሺ አልኩህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ቦርሳው በእኔ እጅ ከሆነ የምትበላውንም የምትገዛውንም አውቃለሁ ብዬ ነዋ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርኩ እንዲገባህ፣ በየካቲት ምን እንዳደረግን ልንገርህ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው።

በጥር ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት ስትጠብቅ፣ እኔን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ተማሪ ግቢ ሲገባ ብሩ በምን በምን ነው የሚያልቀው? እኔ ማትሪክ ተፈትኜ በጥቂት ነጥብ እንደቀረሁ ታውቃለህ። አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ሦስት ቀን ራት አልበላም ብዬ እናታችን እንዴት እንዳዘነች ግን ታስታውስ ይሆናል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ነገር ለእኔ ያልታየ አገር ነው። ደብተር ይዤ ጎረቤታችን መምህር አስረስ ዘንድ ሄድኩ። ካፌ የሚሉት ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ አንድ ክፍል ስንት ልጅ ይተኛል፣ ልብሱን ማን ያጥባል፣ ወረቀት በስንት ይባዛል እያልኩ ብጠይቀው፣ እትዬ ሰዓዳ፣ የምትገቢው አንቺ ነሽ ወይስ ስህን? አለኝ። ከተቀበሉን ሁለታችንም አልኩት። እሱም፣ ተማሪ በወሩ መጀመሪያ እንደ ሀብታም ይኖራል፣ በወሩ መጨረሻ ደረቅ ዳቦ ይገምጣል አለ። እሱ ራሱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ብርድ ልብሱን ሸጦ፣ ክረምቱን ጃኬት ለብሶ ነው የተኛው። ሚስቱ ይህን ያን ቀን ገና መስማቷ ነበር፣ ሳቋ እስከ እኛ ቤት ተከተለኝ።

ከዚያ ቤት ስመጣ ነገሩ ታሰበኝ። ለምን እዚሁ አንለማመደውም? ያቺ ጓሮ ያለችው ክፍል፣ ተከራይዋ በጦርነቱ ጊዜ ጥላ ከሄደች ወዲህ ባዶ ናት። ስህን ፍራሿን፣ ባልዲዋንና አንድ ጓጉንቸር ይዛ ገባች። ከየካቲት አንድ እስከ ሠላሳ ዩኒቨርሲቲ ናት ተባለ። እኔ ደግሞ ካፌ ሆንኩ። ቁርስ፣ ምሳና ራት በሰዓቱ፣ ያውም ሽሮ፣ ምስርና ፓስታ ብቻ። ጭማሪ የለም፣ ያረፈደ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር በመጀመሪያው ቀን በእጇ ሰጠኋት። ሳሙናው፣ የራስ ቅባቱ፣ ካርዱ፣ ሻዩ፣ ለወንድ የማይጻፍ የሴት ልጅ ወጪም ቢሆን ከእሱ ነው። ያወጣችውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ደብተሩ የሚታየው በሠላሳው ቀን ነው፣ ማንም አንድ ብር አይጨምርላትም። አብደላ፣ ልጄን በገዛ ግቢዬ ስደተኛ አደረግሻት ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን እየዘለለች ነው የገባችው።

በስድስተኛው ቀን የሠርግ ቤት ሒና ስትቀባ አምሽታ ራት አለፋት። መጥታ ብታንኳኳ፣ ካፌ ተዘግቷል አልኳት። ስቃ ሄደች። ራቱን ሳልጨርስ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አብደላ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማኩረፉን ትቶ ሌላ መላ መታ። በነጋታው ሃምሳ ብር አጣጥፎ በበሯ ሥር ሰደደላት። ልጅት ይዛው መጣችና፣ ይህ ገንዘብ በሬ ሥር ወድቆ ተገኝቷል፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ለካፌው ገቢ ይሁን አለችኝ። አብደላ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። እኔም ገቢ አደረግሁት፣ ቲማቲም ገዛሁበት።

እንግዲህ አትቆጣኝ። ደብተሩ በሠላሳ ቀን ይታያል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያላስቻለኝም እኔው ነኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስህን ስትወጣ ጠብቄ በትርፉ ቁልፍ ገባሁ። ማሻአላህ፣ አጻጻፏ! ሳሙና ሠላሳ አምስት፣ ካርድ ሃምሳ፣ የራስ ቅባት ሰባ። ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ አርባ አምስት ይላል። እንደገና ፎቶ ኮፒ ስድሳ። ዘጠኝ ጊዜ ፎቶ ኮፒ! ብደምረው አምስት መቶ አለፈ። የቀራት አንድ መቶ ሠላሳ ብር ነው፣ የቀራት ቀን ደግሞ አሥራ አንድ። ትምህርት የለ፣ ፈተናው አልፏል፣ ይህች ልጅ ምን እያባዛች ነው? ይህን እያሰብኩ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከተማችን ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚባል ነገር የለም። የሁለቱም ፎቶ ኮፒ ቤቶች ማሽን በወረራው ጊዜ ተጭኖ ሄዷል፣ ሰው አንዲት ወረቀት ለማባዛት ደሴ ድረስ ነበር የሚሄደው።

ወንድሜ፣ የእናት ሐሳብ ያኔ የት የት እንደሚሄድ አትጠይቀኝ። ወንድ ነው? ጫት ነው? ስልክ በዱቤ ገዝታ ይሆን? እንዳልጠይቃት ሰርቄ መግባቴ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ በዙሪያ ገባሁበት። መንገድ ዳር ያለችው ዳቦ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ስለ ዱቄት ዋጋ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ጥርሷ ሕመም አውርቼ አውርቼ ወደ ስህን አመጣኋት። ሴትዮዋ ሳትጠረጥር፣ ስህን እኮ ደንበኛዬ ናት፣ አራት ዳቦ ገዝታ ከሀፊዛ ጋር ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፣ ዓሣም እዚያው ያስጠብሳሉ አለችኝ።

ሀፊዛን ታውቃታለህ፣ የጨርቅ ነጋዴው የሰላሀዲን ልጅ፣ ከስህን ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራ የተማረች። ሱቃቸው በጦርነቱ ባዶውን እንደቀረ አገር ያውቃል። ማሰሮውም አብሮ ባዶ እንደሆነ ግን እኔ አላወቅሁም ነበር። ዳቦ ሻጯ እንደነገረችኝ፣ ሰላሀዲን ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ ልጅቷ ትንንሾቹ እንዲበቃቸው ምሳ በልቻለሁ እያለች ከቤት ትወጣ ኖሯል። እኛ ቤት እንዳትመጣ ደግሞ እኔ ጠያቂ ነኝ። ይህ እንዴት እንደወጋኝ ልነግርህ አልችልም። ሁለቱ እናጥናለን ብለው ሐይቁ ዳር እየተቀመጡ ይበሉ ነበር።

በሠላሳው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው፣ ይህ ፎቶ ኮፒ ምንድን ነው አልኳት።  እማ፣ ስሟን ሒሳብ ላይ ልጽፈው ነበር? አባ ያየዋል፣ አጎቴ ይጠይቃል፣ አለችኝ። የሀፊዛን ስም ያልጠቀሰችው እኔ እንደማውቅ ገብቷት ነው። ደብተሩን ከዚያ በፊት አይቼው ነበር ብዬ ብነግራት፣ አውቃለሁ፣ ጓጉንቸሩን ገልብጠሽ ነው የቆለፍሽው አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እያወቀች ዝም ብላኛለች! ይህን ዝምታ ከማን ወረሰችው ትላለህ? ከእኔ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

አሥራ አንዱን ቀን በአንድ መቶ ሠላሳ ብር እንዴት ኖርሽ ብላት ደግሞ ሌላ ገጽ ገለጠችልኝ። የካቲት የሠርግ ወር አይደል፣ በሰባት ሠርግ ቤት ሚዜ ሒና ቀብታ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አግኝታለች። ሀፊዛም ምሳዋ አልተቋረጠም። ወሩ ሲያልቅ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ብር ተርፏት ነበር፣ ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስቲ አንተ ፍረድ፣ ይህ ልምምዱን ማለፍ ነው መውደቅ? እኔ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንት ሀፊዛ አለ፣ ሁሉንም ልትመግቢ ነው? አልኳት። አልችልም፣ ግን ብቻዬንም አልበላም አለች።

ስለዚህ በጀቱን እንደገና ሠራነው። ከሳሙናውና ከካርዱ በታች «ሰው» የሚል አንድ መስመር ከፈትን፣ በወር ሁለት መቶ ብር። ማን እንደሆነ አይጻፍም፣ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም ጭምር። ሁለት መቶው ሲያልቅ ግን የለኝም ትላለች። ከባዱ ይህ ሆነ። እስቲ ልሞክርሽ ብዬ፣ ስህንዬ እባክሽ መቶ ብር አበድሪኝ፣ አሞኛል አልኳት ተማሪ መስዬ። የለኝም ማለት አቅቷት እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። በአራተኛው ሙከራ ነው ፊቷን ሳትሰብር የለኝም ያለችኝ፣ ያን ጊዜ እኔ አዘንኩ። ሀፊዛን እኔ፣ ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ፣ እጅሽን አውሺኝ እያልኩ አስጠርቼ ምሳ ከእኛ ጋር አስቀምጣት ጀመርኩ። እሷም ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ቅርብ ነው። ይህን ለባቲ ልጆች እንኳ እንዳታወራ፣ አማና።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የላክህልን ብር ትዝ ይልሃል? በስሜ ገብቶ ነበር። እኔም በሕይወት ነበርኩ፣ ብሩም ነበር፣ ወር ካለፈ በኋላ ነው የተገናኘነው። ባንኩ ዝግ፣ ስልኩ ድዳ፣ አንተ እዚያ እያለቀስክ፣ እኛ እዚህ ሽንኩርትና ቃሪያ በበቆሎ እየለወጥን። ያን ጊዜ ስህን አርባ ምንጭ ሆና በየሳምንቱ ከእኔ እጅ ብትጠብቅ ምን ትሆን ነበር? አሁን አልሐምዱሊላህ ጸጥ ብሏል። አንዳንዱ አበቃ ይላል፣ አንዳንዱ ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳል ይላል። አንተስ እዚያ ምን ትሰማለህ? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ መንገድ ቢዘጋ የሚዘጋው በእኔና በእሷ መሀል ነው። የልጄ እንጀራ በዚያ መንገድ ላይ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ስለዚህ ብሩን በቀጥታ ለእሷ ላክ። ባለፈው ሰኞ በራሷ ስም ሒሳብ ከፍታለች፣ ቁጥሩን ረቢያ በትንሽ ወረቀት ይዛልሃለች። ሁለት ሺህ አይሁን፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ይበቃል። ደምረን ያገኘነው ነው፣ ዝርዝሩን አያይዣለሁ፣ «ሰው»ም አለበት። ሁለት ሺህ ይሁን ብላት፣ አጎቴ ስንት እንደሚያገኝ ታውቂያለሽ? አለችኝ። አላውቅም። ስንት ነው? እውነቱን ጻፍልኝ፣ ለእሷ አልነግራትም። በእኔ በኩል ይሁን ካልክም መልስህን በዚህ ሳምንት አሳውቀኝ፣ ግንቦት አሥር ትሄዳለች፣ አብደላ እስከ አዲስ አበባ ይሸኛታል። ግን እንደማትል አውቃለሁ። አንተም ባሕሩን ስትሻገር ከእሷ አንድ ዓመት ታንስ ነበር፣ በኪስህ ያለውን የሚቆጥርልህም አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። መቼ እንደላክህላት፣ ስንት እንደላክህላት፣ ምን እንዳለችህ ለእኔ አትንገረኝ። በሁለታችሁ መሀል ያለ ይሁን። እጠይቅሃለሁ፣ ታውቀኛለህ፣ በሰላምታ መሀል ጣልቃ አድርጌ፣ በወገብህ ሰበብ እጠይቅሃለሁ። አትንገረኝ።

እናታችን ዱዓዋን ልካልሃለች፣ ዘንድሮስ አግባ ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፣ ጽፌያለሁ። አብደላ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። መምህር አስረስና ሚስቱ፣ ሀፊዛም ሰላም ይሉሃል። ስህን የራሷን ሰላምታ በራሷ ስልክ ትልክልሃለች። ለባቲ ልጆች ሁሉ በየስማቸው፣ ሩዝ ለሚያሳርረው ልጅ ደግሞ ለብቻው፣ እሳቱን ይቀንስ በልልኝ። አሏህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሰዓዳ
ሐይቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.