እማዬን አልሸጥኳትም

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አባባስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ውስጤ ግን አሯል። ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ጻፍኩልሽ።

«እማዬን ለመድኃኒት ነጋዴ ሸጥካት» ያልሽውን ሰማሁ። የሸጥኳትስ ቢሆን ቢያንስ ዋጋ በጠየቅኩ ነበር።

ዓምና ከቀብሯ በኋላ ሐዘኑ አላስቀምጥ ቢለኝ ስለ እሷ ጻፍኩ። ያ እጇን የሚያንቀጠቅጣት ሕመም ከያዛት ወዲህ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «የሚንቀጠቀጠው ውሃው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» እያለች ታስቀን የነበረውን ሁሉ። ጽሑፉን ለአንድ መጽሔት ላክሁት። አዘጋጁ ወደደውና፣ ለጊዜው መክፈል አንችልም፣ ስምህ ግን ይታወቅልሃል አለኝ። ስም እንጀራ እንደማይሆን ባውቅም፣ የእማዬ ነገር ነውና ይሁን አልኩ።

እነሱ ግን ለእኔ ያልከፈሉበትን ጽሑፍ ለመድኃኒት አስመጪ በገንዘብ ሰጡት። ስሜን አወጡና ውሸት አስገቡበት። ይኸው አንዲት የማላውቃት ሴት በሬዲዮ ማስታወቂያ የእማዬን ቀልድ እየቀለደች፣ መድኃኒቱን ከወሰድኩ ወዲህ እጄ ጸና ትላለች።

ቢሮው ድረስ ሄድኩ። አዘጋጁ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ ጽሑፉን ስትልክ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭነሃል፤ ለሌላ የመስጠት መብቱ የእኛ ነው አለኝ። ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ እናቴ ግን አልዳነችም፣ ውሸቱን አውጡልኝ ብዬ ለመንኩት። አስመጪውን ጠይቅ አለኝ። አስመጪው ደግሞ ከአንተ ጋር ውል የለንም ብሎ ከበር መለሰኝ። በገዛ እናቴ ባዳ ሆንኩ፣ እትዬ።

አዘጋጁ ሳያፍር ትናንት ደወለልኝ። አባትህ በሕይወት አሉ አይደል፣ ስለ እሳቸውም ጻፍልን፣ አሁንስ እንከፍልሃለን አለኝ። ኪሴ ባዶ ነው፤ ቢሆንም ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ለአባባም ደውዬ ነበር። ይህ መድኃኒት እያለ ሳልገዛላት ገደልኳት ብለው ያለቅሳሉ። ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም ብላቸው፣ «አንተው አይደለህ እንዴ የጻፍከው?» አሉኝ። እባክሽ አንቺ አስረጂልኝ፤ አንቺን ያምኑሻል።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ ትበርታ፤ «ሽማግሌው» የምንለውን ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን