ዘይት ያልያዙት ጉድጓዶች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ? እኛ ደህና ነን።

በስልክ የነገርሽኝን ፎካቻ ፒዛ፣ ያንን ወፍራሙን፣ ትናንት ሠራሁት። ከሱቅ የገዛሁትን በረዶ የሆነ ሊጥ በረዶው እስኪለቀው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ ኩፍ እስኪል በጨርቅ ሸፈንኩት። ቶሎ እንዲነሳ ምድጃ አጠገብ አድርጊው ብለሽኝ ነበር፤ አላደረግኩትም። ሊጥም እንደ ተማሪ ጊዜውን ይፈልጋል።

ዘይት እንዲይዝ ሊጡን በጣት መጠቅጠቁን አባትሽ ነጠቀኝ። «የልብስ ሰፊ ጣት እያለ የጠመኔ ጣት ምን ያደርጋል?» ብሎ በሁለት እጁ ጠቀጠቀው። ዘይቱን ሳፈስበት በቀኝ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ሞሉ፤ በግራ በኩል ግን ተንሸራቶ ወረደ።

«እዚህ ጋ በረዶው አልለቀቀውም» አለ።

ነካሁት፤ ለስላሳ ነው። «አዎ፣ አልለቀቀውም» አልኩትና ትሪውን አዞርኩለት። በቀኝ እጁ ጨረሰው።

ቲማቲምና አይብ ጨምረን ጋገርነው፤ ጠርዙ ቀላ፣ ጥሩ ወጣልን። የእሱን ድርሻ እኔ ቆራረጥኩለት። ሱቁን ሰሞኑን ከሰዓት አይከፍትም፤ የሙሽራ ልብስ ትእዛዝም መልሷል። «እረፍት አማረኝ» ይላል። ሐኪም ስለው የስፌት መርፌውን ፍለጋ ይነሳል።

ፈቃድሽ ቀደም ይል እንደሆነ አለቃሽን ጠይቂልኝ። አንድ ሊጥ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ማሸጊያው ላይ ብዙ ወር እንደሚቆይ ተጽፏል፤ አንቺ ግን በዚያ አትተማመኚ።

ሁለታችንም በናፍቆት ስመንሻል።

እናትሽ