እህት የሌለው ሰው

ቆቦ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ዛሬ የምጽፈውን ልብ ወለድ ለታናሽ እህቴ ለበላይነሽ አነበብኩላት። ባለታሪኩ ወንድሙ ሲገደል ደሙን ሳይመልስ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ትምህርት ቤት የሚሸሽ ፈሪ ነው። የሸሸሁት እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አያ፣ መቼ ነው የሚገድለው?» አለች።

«አይገድልም።»

«ታዲያ ምኑ ይወራለታል?»

ተናደድኩ። ባለታሪክ የግድ ጀግና መሆን የለበትም፣ ፈሪም ሰው ነው ብዬ ተማሪ እንደምቆጣ ጮኽኩባት። ጥጧን መፍተሏን አላቋረጠችም።

«ይሽሽ፣ ግዴለም። እህት የለውም እንዴ?»

ደመኛ በሚውልበት ገበያ አይዋልም። የወንድማችን ገዳይ ቆቦ ስለሚገበይ፣ እኔ ውጭ አገር ስማር እሷ ጨውና በርበሬ ለመግዛት አሥራ አንድ ዓመት ሮቢት ገበያ ድረስ በእግሯ ተመላልሳለች። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንድ መስመር እንኳ የላትም። እውነቱን ሳልሸሽግ ጻፍኩ ብዬ ስመካ ነበር።

ከዚያ ሰዓት ወዲህ ብዕሬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ባስገባት፣ ሽሽቱ ምን እንዳስከፈላት አይቶ ባለታሪኬን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው የሚሻገር አንባቢ አይኖርም። ካላስገባኋት ደግሞ ዛሬም ሸሸሁ።