ሽንኩርቱን አልገዛሁም

ውድ እህቴ ፈውዚያ፣

አካም ጅርታ? ደራ ተስማማሽ ወይ? እኛ አቧራችንን እየበላን አለን፤ እኔም ሃኒም ደህና ነን። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ስለ ሙቀቱ ብቻ አውርቼ እየዘጋሁት ስለሆነ ነው ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት። በአፌ የማልደፍረው ነገር አለ።

ስለ ሃኒ ምርቃት ነው።

ታውቂኛለሽ፣ እኔ ሳልጽፍ ሳሙና እንኳን አልገዛም። የሃኒ እናት አሰለፈች እያለች ድግሱ የእናንተ የሁለታችሁ ነበር፤ የኔ ሥራ ድንኳን ማስተከልና ለስላሳ ማስጫን ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን የመጀመሪያው ድግስ እኔ ጭንቅላት ላይ ወደቀ። በደብተሬ አርባ ሦስት ነገር ጻፍኩ። ወንበር፣ በረዶ፣ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር፣ ዝናብ ከመጣ ላስቲክ... ማንም እንዳይደክም፣ ማንም እንዳይጨነቅ ብዬ ምግቡን ለድግስ አብሳዮች ሰጠሁ። ለጎረቤት ሁሉ ካርድ አሳተምኩ።

ላንቺም።

በአጥሩ በኩል ስሰጥሽ እጅሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ተቀበልሽኝ፤ ገልብጠሽ አየሽው።

«ተክሌ፣ ይቺ ምንድናት?»

«የጥሪ ካርድ ናት። ዘንድሮ ማንም እንዳይለፋ ብዬ ነው። እንደ እንግዳ መጥታችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ።»

«እንደ እንግዳ?» አልሽና ሳቅሽ። «እንግዲያው የቤት ቁጥርህንም ጻፍልኝ፣ እንዳልጠፋ።»

እኔ ጅሉም አብሬሽ ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ አጥር ጨውና ወንፊት የተቀባበልን ሰዎች!

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን አበዛሽ እንደ ደንቡ ቢላዋና መክተፊያዋን ይዛ መጣች። «ምግቡ ተሠርቶ ነው የሚመጣው» ብዬ ከበር መለስኳት። «ውይ! ታዲያ ለለቅሶም ካርድ ልታድለን ነው?» ብላኝ ሄደች። እሱንም እንደ ቀልድ ወሰድኩት።

እሁድ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሆነ። ድንኳኑ አልወደቀም፣ መብራቱም አልጠፋም። እኔ ደብተሬን ይዤ ምልክት አደርጋለሁ። አንቺ ዳር ላይ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የኪራይ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፣ ቦርሳሽ ጭንሽ ላይ። እኔ ቤት ቦርሳ ታቅፈሽ ስትቀመጪ አይቼሽ አላውቅም ነበር።

«ብዪ እንጂ ፈውዚያ! የሙስሊሙ ያውልሽ» አልኩሽ።

ቀስ ብለሽ «ማን ነው ያረደው?» አልሽኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ቁጥር አሥራ ሰባት፣ «የሙስሊም ምግብ» ይላል፣ ምልክት ተደርጎበታል። ማን እንዳረደው የለም። ድሮ የሚያርደው ወንድምሽ ሆራ ነበር፣ አንቺ በራስሽ ድስት ከኛው ጓሮ ትሠሪዋለሽ፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም። አብሳዮቹን ልጠይቅ ስሄድ ሰው ያዘኝ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ያልተነካ ሳህንና ግማሽ ሚሪንዳ ብቻ ቀርቷል። ሃኒ ጋዋኗን እንደለበሰች «እማ ፈውዚያ የታለች? ፎቶ ሳንነሳ?» እያለች ድንኳኑን ሁለቴ ዞረች።

በወሩ እህትሽን ልታስታምሚ ደራ ገባሽ። በኔ ምክንያት ነው አልልም። ግን መሄድሽን የሰማሁት ከአበዛሽ ነው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። «እንዳትለፉ ብዬ ነው» ያልኩት ሽፋን ነው። እኛ ግቢ ለመጨረሻ ጊዜ ሽንኩርት የተከተፈው ለአሰለፈች አርባ ነው። ያን የቢላዋችሁን ድምፅ ጓዳ ተኝቼ፣ ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ምርቃቱን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነበር። ልጄ ደስ በሚላት ቀን ሰው ፊት እንዳልወድቅ ፈራሁ፤ ስለዚህ እናንተን አስቀረሁ። ይቺን አንዷን ላለመጻፍ ነው አርባ ሦስት ነገር የጻፍኩት።

አሁን ደግሞ ለሃኒ ሽማግሌ ተልኳል። ቀለበቱ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው። ደብተሬን ስከፍት ከእጄ ቀማችኝ።

«አባዬ፣ እማ ፈውዚያ ከሌለች ቀለበት የለም። ካርድ ትልክላትና ደግሞ!»

የልጁ ቤተሰቦች በየቀኑ ይደውላሉ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኋቸውም። አሰለፈች ሆስፒታል ሆና እጅሽን ይዛ «ልጄን የምትድሪያት አንቺ ነሽ» ስትልሽ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። የሰማሁትን በልቼ ነው ካርድ የሰጠሁሽ።

ቂም ይዘሽ ከሆነ ይዘሽው ነይ። አጥሩ ላይ ቆመሽ ትሰድቢኛለሽ፣ ጎረቤቱም ይስማ። አበዛሽን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «ቢላዬ ዶልዱሟል፣ አስሞርደህ አምጣ» ብላ ቀጣችኝ፣ አስሞረድኩ። ሆራም «እሷ ካለች አርዳለሁ» ብሎኛል። የቀለበቱ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ፒካፕ ለምኜ ደራ እመጣለሁ፣ ትልቁን ድስትሽን በሚኒባስ እንዳትጎትቺ። እምቢ ካልሽኝም እህትሽን ጠይቄ እመለሳለሁ።

ሽንኩርቱን አልገዛሁም። ስንት ኪሎ እንደሚበቃ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ጓሮውን ግን ጠርጌዋለሁ። እኔም በርጩማ ስቤ መሃላችሁ ቁጭ ብዬ እልጣለሁ። ያኔ ዕንባዬ ከመጣ፣ ሃኒ ከጠየቀችሽ፣ በሽንኩርቱ አሳብቢልኝ።

የአጥር ጎረቤትሽ፣
ተክለሃይማኖት
አዳማ